ያልወረደችው ወይዘሪት ጉለሌ

ሰርኬ ገለታ ወይዘሪት ጉለሌ ተብላ የተመረጠችው በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ለትምህርት ቤት አጥር ማሠሪያ በተዘጋጀ ባዛር ላይ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ከአሥራ አንድ ልጃገረዶች ጋር መድረክ ላይ ተሰልፋ ቆማ "ትልቁ ምኞትሽ ምንድን ነው?" ብለው ሲጠይቋት፣ ከድንጋጤዋ የተነሣ "ወደ ቤት መሄድ" ብላ መለሰች። ዳኞቹ ትሕትና መስሏቸው አጨበጨቡላት። ማዕረጉ የተጻፈበት ሰማያዊ ጥብጣብ አጠለቁላት፤ አንድ ጃንጥላና አንድ ፔርሙስ ሸለሟት።

በዓመቱ ተተኪዋ መመረጥ ነበረባት። በዓመቱ ግን አብዮት ፈነዳና ባዛሩም ውድድሩም ቀረ። ተተኪ ስላልተገኘ ማዕረጉ እሷው ላይ እንደተንጠለጠለ ከረመ። የሰፈሩ ተረበኞች ግራና ቀኛቸውን እያዩ "ንጉሡ ወረዱ፣ ሰርኬ ግን አልወረደችም" ይባባሉ ነበር።

ሰርኬ ራሷ ነገሩን ከረሳችው ቆይታለች። ዱጉማ የሚባል ግንበኛ አገባች፣ ሦስት ልጆች ወለደች፣ ክር ፋብሪካ ገብታ ማሽን ላይ ቆማ ትውላለች። ወገቧ ሰፍቷል፣ ድምፅዋም ከማሽኑ ጋር ስትጯጯህ ጎርንኗል። ጥብጣቡንም ዘመኑ ሲከፋ ፊደሉን ፍቃ፣ ለመጀመሪያ ልጇ አንቀልባ ማሠሪያ አድርጋዋለች።

ያልረሳችው የሺመቤት ናት። የሺመቤት ሽሮ ሜዳ ጥበብ ትሸጣለች፤ ቤቷ ከሰርኬ ቤት ሁለት ግቢ አልፎ ነው። በዚያ ውድድር በሁለት ድምፅ ተበልጣ ሁለተኛ ወጥታለች። ቦኖ ውኃ ላይ ወረፋ ሲጠብቁ ወሬው በየት በኩል እንደዞረ ሳይታወቅ እዚያው ባዛር ላይ ይደርሳል። "ሰርኬ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እሷ ምን ታድርግ?" ትላለች የሺመቤት። "ዳኞቹ ናቸው እንጂ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች፤ አጥርተው አላዩም።" ሰርኬ እንስራዋን አዝላ ትሄዳለች።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ቀበሌው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለማስቆፈር ተነሣ። ክረምት በገባ ቁጥር ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በየሰዉ ቤት እየገባ ድስትና ጫማ ያንሳፍፍ ነበርና፣ ቦዩ እንደሚያስፈልግ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ችግሩ ቆፋሪ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ዓምሃ እሑድ እሑድ ጠዋት ስም ይጠራል፤ ሕዝቡ አንድ ሳይቀር "አቤት" ይላል። የቀበሌው ስኳር የሚሰጠው ስሙ ለተመዘገበ ነዋ። የመጨረሻው "አቤት" እንደተባለ ግን ሕዝቡ እንደ ጤዛ ይበንናል። ባለፈው እሑድ ሁለት መቶ አርባ ሰው ተመዝግቦ፣ ቦዩ ውስጥ የተገኙት ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ጆሮአቸው የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበሩ።

ዓርብ ወደ ማምሻው ጓድ ዓምሃ ሰርኬ ቤት መጣ። የቀድሞ ልብስ ሰፊ ስለሆነ፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ትከሻና ወገብ ይለካል።

"ጓድ ሰርኬ" አለ ወንበር እንኳ ሳይስብ፣ "ሰዉን ቦዩ ላይ የሚያቆይልን አንድ ነገር አጥተን አንቺን አሰብን። የእሑዱን ቁፋሮ ወይዘሪት ጉለሌ በአካል ተገኝታ ትሳተፋለች ብለን እናውጃለን።"

"እኔ?" አለች ሰርኬ። "ጓድ ሊቀመንበር፣ የሦስት ልጆች እናት እኮ ነኝ።"

"ኮሚቴው ተወያይቶበታል። ብቻ 'ወይዘሪት' የሚለው አያስኬድም። ሁለት ሰዓት ተከራክረን 'የቀድሞዋ የሰፊው ሕዝብ ቆንጆ' ተብሎ ጸድቋል።"

"'የቀድሞዋ' ለምን አስፈለገ?" አለች ሰርኬ።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠችው። ዱጉማ ከጥግ ሆኖ የሚጠጣው ሻይ ትን አለው። ጓድ ዓምሃ ግን ነገሩን አክብዶ አየው። "እውነትሽን ነው" አለ። "ተተኪ እስካልተመረጠ ድረስ ሥልጣኑ እንደጸና ነው።" ከኪሱ ወረቀት አወጣና "የቀድሞዋ" የሚለውን ሰረዘ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ የቀበሌው ድምፅ ማጉያ መንደሩን እየዞረ ለፈፈ፦ ነገ እሑድ የሰፊው ሕዝብ ቆንጆ አካፋ ይዛ ከጭቁኑ ወገኗ ጋር ትሰለፋለች።

እሑድ ጠዋት ሰርኬ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ተረከዛም ጫማዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ዱጉማ አየት አደረጋትና የራሱን የላስቲክ ቦት ጫማ አምጥቶ እግሯ ሥር አኖረላት። "ቆንጆ ነሽ" አለ። "ቦታው ግን ጭቃ ነው።" ሰርኬ ቀሚሱን አውልቃ የፋብሪካ ቱታዋን ለበሰች፤ ራሷንም በሻሽ አሠረች።

ቦዩ ዘንድ ስትደርስ ዓይኗን ማመን አቃታት። ስም ከተጠራ ቆይቷል፤ የሄደ ግን የለም። ፀጉሩን አበጥሮ ያጎፈረው፣ ሱሪው ከታች የሰፋው ጎረምሳ ሁሉ አካፋውን ተደግፎ አንገቱን ያሰግጋል። ሰርኬ ቦታዋን ይዛ ቦዩ ውስጥ ወረደች። ከጎኗ የነበረው ያሕያ ነው፤ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ የሃያ ዓመት ወጣት። እሷ ስትመረጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስለነበር አያውቃትም።

"እትዬ" አላት፣ "ያቺ ቆንጆ የምትባለው መጥታለች እንዴ? እርስዎ ያውቋታል?"

ሃያ ዓመት ከሞላው ጎረምሳ አፍ "እርስዎ" ሲወጣ ሰርኬ የቆፈረችው አፈር ተመልሶ ቦዩ ውስጥ ተደፋ። መልስ ሳትሰጠው በላይ በኩል ጫጫታ ተሰማ።

የሺመቤት መጣች። ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች፣ ነጭ ጃንጥላ ዘርግታለች፤ አካፋም ይዛለች፣ እጀታውን ግን እጇን እንዳይጎዳት በመሐረብ ጠቅልላዋለች። "እሷ ናት፣ እሷ ናት" የሚል የጎረምሶቹ ሹክሹክታ ከቦዩ ጫፍ እስከ ጫፍ ሮጠ። የሺመቤት "አይደለሁም" እስክትል ሰርኬ ጠበቀች። የሺመቤት "እንደምን አደራችሁ፣ በርቱ" አለች፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልጨመረችም።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ሰርኬ ስምንት ዓመት ሙሉ ዘወር ብላ ያላየችውን ማዕረግ ሌላ ሰው ለብሶት ሲቆም ብታይ ቆጫት። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ቱታዋን፣ ቦት ጫማዋን፣ ጭቃ ያረፈበትን ክንዷን አየችና መልሳ ዘጋችው። ማን ያምናታል? ንዴቷን አካፋው ላይ አወጣችው። አፈሩ ወደ ላይ ይበር ጀመር።

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አሳፈሩን" አለ ያሕያ ላብ በላብ ሆኖ።

"ቆንጆዋ ዙሪያውን እየዞረች ሥራ ታያለች አሉ" አለችው ሰርኬ ቀና ሳትል። "የምታናግረው ግን ጠለቅ አድርጎ የቆፈረውን ነው።"

ይህን የሰማ ጎረምሳ ሁሉ ሸሚዙን አወለቀ። አምስት ሰዓት ሳይሞላ ቦዩ በሦስት እሑድ ያልተጓዘውን ያህል ተጓዘ። ጓድ ዓምሃ ሜትሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ደስታውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶታል።

በዚህ መሃል ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ በላንድሮቨር ደረሰ። ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። ሕዝቡን ሲያይ ተገርሞ "በምን ቀሰቀሳችሁት?" አለ።

"በሰፊው ሕዝብ ቆንጆ፣ ጓድ" አለ ዓምሃ ደረቱን ነፍቶ።

"በምን?"

ዓምሃ ነገሩን ከባዛሩ ጀምሮ አስረዳ። ባስረዳ ቁጥር የካድሬው ቅንድብ እየወረደ፣ የዓምሃም ድምፅ እየቀጠነ ሄደ።

"የቁንጅና ውድድር" አለ ካድሬው በመጨረሻ፣ "የፊውዶ ቡርዧው ሥርዓት ቅሪት መሆኑን ጓድ ሊቀመንበር አያውቁም? ይህን ማዕረግ ይዣለሁ የምትለው ሴት ማን ናት?"

አካፋዎች ሁሉ ቆሙ። የጎረምሶቹ ዓይን ሁሉ የሺመቤት ላይ ዐረፈ። የሺመቤት ጃንጥላዋን ቀስ አድርጋ አጠፈች።

"እኔ ሁለተኛ ነኝ የወጣሁት" አለች። "በሁለት ድምፅ ተበልጬ። ደግሞም በትክክል ነው የተበለጥኩት፤ ዳኞቹ ጥሩ አድርገው ነው ያዩት።"

ሰርኬ ከቦዩ ውስጥ ይህን ስትሰማ፣ ስምንት ዓመት የጠበቀችው ቃል መሆኑ ገባት፤ የመጣው ግን ወኅኒ ሊያስወርዳት በሚችልበት ሰዓት ነው። ዝም ብትል ግን በእሷ ፈንታ የሺመቤት ትጎተታለች። እጇን አወጣች።

"እኔ ነኝ፣ ጓድ።"

ልትወጣ ስትል ቦት ጫማው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ያሕያና አንድ ሌላ ጎረምሳ በብብቷ ገብተው ጎተቷት፤ እሷ ወጣች፣ አንዱ ጫማ እዚያው ቀረ። በአንድ ባዶ እግሯ ካድሬው ፊት ቆመች። ያሕያ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ካድሬው ከሻሿ እስከ እግሯ አያት። "አንቺ?" አለ።

አባባሉ ፍርሃቷን አስረሳት። "በስልሳ አምስት ቢያዩኝ ኖሮ እንዲህ አይሉም ነበር" አለችው።

መጀመሪያ የሳቁት እኚያ ጆሮአቸው የማይሰማው ሽማግሌ ናቸው፤ በምን እንደሳቁ እስካሁን አይታወቅም። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። የካድሬውም ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሊያፍነው ሞከረ፣ አልሆነለትም።

"ዛሬ ስንት ሜትር ቆፈረች?" ሲል ዓምሃን ጠየቀ።

"ለአንድ ሰው የተመደበው ሁለት ሜትር ነው። እሷ አምስት ቆፍራለች፣ ጓድ።"

ካድሬው ደብተሩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ ጻፈ። በኋላ እንደተሰማው፣ ሪፖርቱ ላይ "በቀድሞው ሥርዓት ለጌጥነት ታጭታ የነበረች ሴት በአብዮቱ ወደ አምራችነት ተሸጋገረች" ብሎ አስፍሯል። ወደ መኪናው ሲመለስም "በየእሑዱ ትገኝ" አለ። የሺመቤትን በጣቱ እያሳየ "ሁለተኛዋም" ብሎ ጨመረ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቆፈሩ። በመጀመሪያው እሑድ አልተነጋገሩም። በሁለተኛው የሺመቤት ቢጫ ቀሚሷን ትታ የወንድሟን ሱሪ ለብሳ መጣች፤ መዳፏ ውኃ ሲቋጥር ሰርኬ በቅቤ አሸችላት። ያሕያ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰርኬን ባየ ቁጥር መንገድ ይለውጣል፤ ቢያገኛትም "አንቺ" ልበል "እርስዎ" እያለ ሲምታታበት ሰላምታው መሃል ላይ ይቀራል።

ሐምሌ ገባ። አንድ ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ጠቆረና ዝናቡ ወረደ። ሰፈሩ በሙሉ ጆንያና ላስቲክ እየደረበ ወጥቶ ቦዩ ዳር ቆመ። ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ መጣ፣ ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ወደ ታች ነጎደ። የማንም ቤት አልገባም።

ዱጉማ በግንበኛ ዓይኑ ቦዩን ቁልቁል ሲመለከት ቆየና "አንድ ቦታ ላይ ጠሟል" አለ።

"የት?"

"እዚያ፣ የሺመቤት የቆፈረችው ጋ።"

ሰርኬ ክንዱን ያዝ አደረገችው። "ዝም በል" አለችው። "ገና አሁን ነው የታረቅነው።"