ጋሽ ወንዳፈረውን ያስመረረ አሜን

ጋሽ ወንዳፈረው ወደ ሆሳዕና የመጡት ለአንድ ዓመት ተብለው ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተማሪዎችን ባንድ የሚመሩ፣ እሁድ እንኳ ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ በየአውራጃው የኪነት ቡድን ይቋቋም ሲባል እኛን እንዲያሠለጥኑ ተላኩ። ቡድኑ በአብዮት በዓል ያለ ስህተት ከተጫወተ ወደ ባንዳቸው እንደሚመለሱ የአውራጃው ካድሬ፣ ጓድ ተክለጊዮርጊስ፣ በሰው ፊት ነገራቸው። የተከራዩት እናቴ ቤት ስለነበር ሻንጣቸው አልጋው ሥር ሳይፈታ መቀመጡን አውቃለሁ።

እኛ ሁላችንም የጸሎት ቤት ልጆች ነን። ጴጥሮስ ትራምፔት መንፋት የለመደው እዚያ ነው፤ እኔና ጣቢታ ሁለተኛ ድምፅ መያዝ የተማርነውም እዚያው። ጸሎት ቤቶቹ ሲታሸጉ መሣሪያዎቹ ለኪነት ተወረሱ፤ እኛም አብረን የተወረስን ያህል ነበር።

በመጀመሪያው ልምምድ የበዓሉን የሰልፍ ዜማ አሳምረን ጨረስን። ከዚያ ማንም ሳያዘን፣ ለስለስ አድርገን፣ በአራት ድምፅ «አ... ሜን» አልን።

ጋሽ ወንዳፈረው የመምሪያ ዘንጋቸውን ወረወሩት። «ምንድን ነው እሱ?»

«ማብቂያው ነዋ ጋሼ» አለ ጴጥሮስ።

«ዜማው እኮ ቅድም አብቅቷል!»

«ቆመ እንጂ የት አበቃ?»

ደገምነው፤ አሜንም ተደገመ። ዘፋኞቹ አፋችንን ስንይዝ ትራምፔቱ ይለዋል። አንጋጫ ገበያ ለሙከራ ስንጫወት ደግሞ ከበሮ መቺያችን ተረፈ አሜኑን በከበሮው ሁለት ጊዜ ቀስ አድርጎ መታው፤ ገበያተኛው ምን እንደሆነ ገብቶት ሳቀ።

«እናንተ ልጆች፣ እዚሁ ልትቀብሩኝ ነው!» ይሉናል ክራቫታቸውን እየጎተቱ። እናዝንላቸዋለን፤ አፋችን ግን አይታዘዘንም።

በመጨረሻ መላ አገኙ። ዜማው ሲያልቅ ግራ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፤ እጁ እስኪወርድ መተንፈስ ክልክል ነው።

በበዓሉ ቀን ሜዳው ከየገጠሩ በመጣ ሕዝብ ጢም ብሏል። ዜማውን ጨረስን፤ እጃቸው ተነሣ። ጴጥሮስ ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ ቀረ። እኔ የጣቢታን ክንድ ጨመቅኩ። አንዳችንም አልተነፈስንም። ጋሽ ወንዳፈረው ፈገግ አሉ፤ እዚህ ከመጡ ጀምሮ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ወዲያው ከጀርባቸው ሜዳ ሙሉ ሕዝብ በአራት ድምፅ «አ... ሜን» አለ።

ለእኛም ያኔ ብልጭ አለልን፤ ሕዝቡም እንደ እኛው የጸሎት ቤት ሰው ነው፤ እዚያ ደግሞ መሪው ግራ እጁን ሲያነሣ ምእመኑ አሜን ይላል። ይህን ማናችንም አስቀድመን አላሰብነውም ነበር።

ጓድ ተክለጊዮርጊስ ከመድረኩ እየተንደረደረ ወረደ። «ማነው ያስጀመራቸው?» አለ፤ ዓይኑ ግን ጴጥሮስ ላይ ነው። የጴጥሮስ አባት በስብከታቸው ምክንያት እስር ቤት ነበሩ።

ጋሽ ወንዳፈረው እጃቸውን ገና አላወረዱም። «እጁ የማን ነው? ያስጀመርኳቸው እኔ ነኝ» አሉ በምሬት።

«እንግዲያው ዩኒቨርሲቲህን እርሳው!»

በማግስቱ ልምምድ ላይ ያለ ክራቫት መጡ። ስንፈራ ስንቸር ተሰለፍን።

«በሩን ዝጉ። እስቲ አሜን በሉ።»

እርስ በርስ ተያየንና አልን።

ግንባራቸውን ይዘው ጮኹ። «ትናንትም ሜዳው ሙሉ እንዲሁ ነው ያለው! ሦስተኛው ድምፅ ከቃናው ይወርዳል! ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ሰው እንኳ አልሰማውም? በሉ፣ ከመጀመሪያው!»