የአባቴ ኒምና የእድሩ ድንኳን

የአዳማን ነፋስ የማያውቅ ሰው ቆርቆሮ ብቻ የሚነቅል ይመስለዋል። የእኛን አጥር አጋድሞ፣ የአባቴን የኒም ዛፍ ከነሥሩ መንግሎ ጣለው። ቤቱን አልነካውም። ጎረቤቱ ሁሉ «ተመስገን፣ ቤቱ ተርፏል» ሲለኝ አንጀቴ አረረ። አባቴ ግራ ጎኑ አልታዘዝ ካለው ወዲህ ውሎው ከዛፉ ሥር ነበር። ጠዋት ደግፈን እናወጣዋለን፤ በበሩ የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ሲል፣ ሲተርብ ይውላል። በዚያ ሙቀት ቤት ውስጥ ተኝቶ ግድግዳ ማየት ለእሱ እስር ቤት ነው።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ ኢንሹራንስ ገብተናል። ቤቱ ከተሸፈነ ግቢውም የተሸፈነ መስሎኛል።

ጉዳቱን ሊያይ የመጣው የኢንሹራንስ ገማች ወጣት ነው። «አካም ጅርቱ፣ አባባ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም እያለ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ማለቱን ወደድኩለት። ግንዱን ዞሮ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቤቱ ተነክቶ ቢሆን እንከፍል ነበር። አጥር ለብቻው ካልተጻፈ አይካተትም። ዛፍ ደግሞ ከነጭራሹ ውሉ ውስጥ የለም» አለኝ።

«ቤቱ ላይ ቢወድቅልህ ደስ ይልህ ነበር?» ብዬ ጮህኩበት።

«ተው» አለ አባቴ። «ልጁ ምን ያድርግ? ነፋሱን እሱ አልላከውም።»

ወጣቱ ላቡን እየጠረገ ከአባቴ ጎን ፀሐይ ላይ ትንሽ ቆመ። እንዲሁ መሄዱ ከብዶት እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ችግኝማ ተከልን። ግን ችግኝ ጥላ እስኪሆን ማን ይጠብቃል? ሸራ ወጠርኩ፤ ነፋሱ ይዞት ሄደ። አባቴ ቤት መዋል ጀመረ። መጀመሪያ መተረብ ተወ፣ ቀጥሎ መብላት። ፈራሁ።

ያኔ የእድራችንን ዕቃ የሚጠብቁት ሽማግሌ ጎረቤታችን የእድሩን ድንኳን ከነብረቱ በጋሪ አስጭነው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «ኧረ በስመአብ! ሰው ሳይሞት ድንኳን? ሟርት ነው!»

«ደንቡም ለሐዘን ብቻ ነው የሚለው» አሉ እሳቸው አፈር ብለው። «ግን እንዲህ ሆኖ እያየሁት...»

አባቴ ከውስጥ «ትከሉት!» ብሎ ጮኸ። «ከሞትኩ በኋላ ፀሐዩ ምን ያደርገኛል?»

ተተከለ። አባቴን አውጥተን ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል፣ ከወንጂ ልትጠይቀው የመጣችው ታናሽ እህቱ ከባጃጅ ስትወርድ ድንኳኑን አየች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየመታች «ወየው ጋሼ! ወየው ወንድሜ!» እያለች ገባች። ድምፁን የሰሙ መንገደኞችም ባርኔጣቸውን እያወለቁ ተከተሏት። አባቴ መሃል ተቀምጦ «ኧረ አለሁ! አለሁ እኮ!» ይላል።

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ልቅሶዋን ቀጠለች።

«አንቺ፣ አለሁ እያልኩሽ?»

«ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው» አለች። «ስትታመም አላለቀስኩልህም። በርታ፣ በርታ ስልህ ብቻ ነው የከረምኩት።»

አባቴ አልተረባትም። ደህናውን እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጎ አብሯት አለቀሰ። ለራሱ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። መንገደኞቹም አልወጡም፤ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልቅሶ ቤት «በቃ፣ ይብቃችሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱን «በቃ» ያላቸው አንድም ሰው አልነበረም።