አውራ ዶሮው የታቀፈው ማሰሮ

የልጄን ጫማ ላስጠግን ጄኔቭ ውስጥ ፓኪ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ፣ ጠጋኙ የማስቲሹን ቆርቆሮ ሲከፍተው ሽታው ሲመጣብኝ ባንኮኒውን ተደገፍኩ። «ሳ ቫ፣ ማዳም?» ብሎ ደህንነቴን ጠይቆ ወንበር ሳበልኝ፤ የደከመኝ መስሎት ነው። ደግሞም ደክሞኛል፤ ከንጋት ጀምሬ ላንሲ ሰፈር የሰው ቢሮ ሳጸዳ የዋልኩ ሴት ነኝ። ግን ያስቀመጠኝ ድካሙ አልነበረም።

ያ ሽታ የጋሼ ወርቅነህ ክፍል ሽታ ነው። ጋሼ ወርቅነህ አዲስ አበባ ለቴሌቪዥን የልጆች ዝግጅት የሚጽፉም የሚያዘጋጁም ሰው ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል የተውኩ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ አሻንጉሊቶቻቸውን እንድሰፋ ተቀጠርኩ። ከስፖንጅና ካረጀ ካልሲ ጦጣ፣ ከአሮጌ ካፖርት ጅብ በማስቲሽ እያጣበቅኩ እሠራለሁ፤ አንድ ቀን የጅቡ ጆሮ በቀረጻ መሐል ተገንጥሎ ቢወድቅ፣ ጋሼ «እንግዲህ ጅባችን ደንቁሯል» ብለው ወሩን ሙሉ የማይሰማ ጅብ አድርገው ጻፉለት፤ ልጆቹም ከሁሉ አብልጠው እሱን ወደዱት።

አንድ ልማድ ነበራቸው። የጻፉትን ለማንም ሳያሳዩ በርጩማ ስበው ፊት ለፊቴ ይቀመጡና ያነቡልኛል፤ እያነበቡም ፊቴን ትተው እጄን ያያሉ። መርፌዬ ከቆመ ታሪኩ ያልፋል፤ መስፋቴን ከቀጠልኩ በእርሳስ ይሰርዙታል። የተማሩት ባልደረቦቻቸው «ጋሼ፣ እኛ እያለን ለልብስ ሰፊ?» ብለው ሲያሾፉባቸው፣ «እናንተ አክብራችሁኝ ትስቃላችሁ፤ የብርቄ መርፌ ግን አያከብረኝም» ይላሉ። እኔ ስሜን እንኳ አስተካክዬ መጻፍ የሚያዳግተኝ፣ የአገሩ ሕፃን ሁሉ ቅዳሜ የሚስቅበትን እኔ ማክሰኞ ስቄበታለሁ እያልኩ ሰፈሬ ስገባ አንገቴን ቀና አደርግ ነበር።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ግን አንገታችን ሁሉ አጠረ። ባሌ ቀድሞኝ ከአገር ወጥቷል፤ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በእጄ አለች፤ የጎረቤቴ ልጅ ተወስዶ እናቱ ስንቅ ይዛ በየጣቢያው ትዞራለች። በዚያ ሰሞን ነው ጋሼ አዲስ ጽሑፍ ይዘው የተቀመጡት። የግቢው እንስሳት ጠዋት ማን እንደሚቀሰቅሳቸው ሊመርጡ እህል በማሰሮ ይጥላሉ፤ ከመቆጠሩ በፊት አውራ ዶሮው ዘሎ ማሰሮው ላይ ይቀመጣል። ተነሥ ቢሉት «ዝም በሉ፣ ታቅፌያለሁ!» ይላል። ጫጩቷ «እማዬ፣ አውራ ዶሮ ይታቀፋል እንዴ?» ስትል ሳቄ እስከ ጉሮሮዬ መጣ።

ከሳቁ ጋር ግን ልጄ መጣችብኝ። ይህ ነገር በአየር ከዋለ፣ ዶሮውን ማን ሰፋው ቢባል እኔ ነኝ። ሳቄን ዋጥኩና መስፋቴን ቀጠልኩ፤ ጣቴን እየወጋሁ፣ ደሜን በጨርቁ እያበስኩ ሰፋሁ።

«አልያዘሽም፣ አይደል?» አሉኝ አንብበው ሲጨርሱ።

«አልያዘኝም፣ ጋሼ።»

እጄን እንደገና አዩ፤ ወረቀቱን ቀደዱት። ከዚያ ወዲያ ስለ ጥርስ መፋቅና ስለ እጅ መታጠብ ብቻ ጻፉ፤ ዓመት ሳይሞላም ሥራውን ተዉት። እኔም የጉዞ ወረቀቴ ሲያልቅልኝ ልጄን ይዤ ጄኔቭ ገባሁ።

ጋሼን ሴት ልጃቸው ወደ ዙሪክ እንዳመጣቻቸው የሰማሁት አምና ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰምቼም ፈርቼ ተቀምጬ ነበር። ከጫማ ጠጋኙ ስመለስ ለልጄ ሁሉንም አወራኋት፤ «ማሚ፣ ሂጂና ንገሪያቸዋ፤ ሴ ቱ፣ በቃ!» አለችኝ። እዚህ ላደገ ልጅ ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

ቅዳሜ በባቡር ሄድኩ። ሦስት ሰዓት ያህል መስኮት እያየሁ የምናገረውን ሳጠና፣ የጄኔቭ ሐይቅ መቼ እንዳለቀ አላየሁም። ጋሼ ወርቅነህ ኮስሰዋል፤ ስሜን ግን አልረሱም። ጉልበታቸውን ስሜ፣ ሻዩ ሳይቀርብ፣ በዚያች ቀን ዋሽቼዎታለሁ አልኳቸው።

 «እኔ እኮ» አሉ፣ «ነጠፍኩ ብዬ ነው የተውኩት።»

 ታሪኩ በአየር ቢውል ኖሮ በዚያች ቅዳሜ ሊስቁ ይችሉ የነበሩት ልጆች ዛሬ ጺማቸውን ይላጫሉ፤ ስንቶቹ ከዚያ ወዲህ ለመሳቅ ምክንያት እንዳገኙ እንጃ።

ጋሼ ግን ዓይናቸው እንደ ልጅ በራ። ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳቡት። «ብርቄ፣ መጨረሻውን ረስቼዋለሁ። ማሰሮው ውስጥ ምን ተፈለፈለ? ንገሪኝ እስቲ።»

ከእህሉ ጀመርኩላቸው፤ ዶሮው ዘሎ ተቀመጠ፣ ታቅፌያለሁ አለ፣ ጫጩቷ ጠየቀች። እዚያ ላይ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያነበቡትን አልሰማሁትም፤ ሰው ይሰማን ይሆን ብዬ ያን ቀን ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር።

ጋሼ አፍ አፌን እያዩ ይጠብቃሉ።