ዕጣው ለሁለት፣ ተኩሱ ለአንድ

«ወጣልን!» አለ ሰኢድ ስልኩን እያሳየ። ታደሰ ግን ፈገግ እንኳ አላለም።

ዛሬ ከሰዓት ነው፤ በስደት በምንኖርበት አገር፣ የኤርፖርት ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ። ሁለቱም ጓደኞቼ ሾፌሮች ናቸው። የሙስ አደን ፈቃድ በዕጣ ስለሚሰጥ ወደ ሌላ ግዛት በየዓመቱ አፕላይ ያደርጋሉ። ሙስ ማለት ፈረስ የሚያክል የአጋዘን ዓይነት ነው።

ድሮ እያንዳንዱ ለራሱ ነበር የሚያመለክተው። ዘንድሮ ደንቡ ተለወጠ። ሁለት ሰው አብሮ ካመለከተ ዕጣው የመውጣት ዕድሉ ይሰፋል፤ የሚታደነው ግን አንድ ሙስ ብቻ ነው።

ተደስተው አብረው አመለከቱ። ማን እንደሚተኩስ ግን አልተነጋገሩም።

ሰኢድ የወሎ ሙስሊም ነው። ሙስሊም «ቢስሚላህ» ብሎ ያልተኮሰውን አውሬ ሥጋ ቤቱ አያስገባም። ታደሰ ጴንጤ ነው።

«አንተ ተኩስ» አለ ሰኢድ። «እኔ ዶሮዬን እበላለሁ።»

ታደሰ ግን እምቢ አለ። ያችን አንድ ተኩስ ስንት ዓመት እንደጠበቃት አውቃለሁ።

«እኔ ብተኩስ የሚበላው አንድ ቤት ነው፤ አንተ ብትተኩስ ሁለት ቤት ይበላል። እኔ ጸልዬ እበላለሁ። ብትስት ግን በእግርህ ነው የምትመለሰው።»

ሰኢድ ሊመልስ ሲል ተራው ደረሰና መኪናውን አስነሳ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «የሙሱ የኋላ እግር ያንተ ነው» ብሎት ሄደ።

ታደሰ አሁን ሳቀ።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች ይህን ያሰቡት አይመስለኝም። እናንተስ፣ ለሁለት አንድ ነገር ሲደርሳችሁ ማን ለማን ተወ?