ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

የያዙኝ ጠዋት ከሱቄ ነው፤ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ጨርቅ እየለካሁ። ሁለት ነበሩ፤ ሲቪል ለብሰዋል። አንደኛው የመጋረጃ ጨርቅ ጠየቀኝ። "ስንት ሜትር?" ስለው "አንዴ ና፣ እናናግርህ" አለኝ። ከሦስት ቀን በፊት በነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ነበር። ያን ዕለት ያጨበጨበልኝ ብዙ ነው። ወደ መኪናው ሲወስዱኝ ግን ጎረቤቶቼ ሁሉ ዕቃ ይደረድሩ ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን የነበረ ይመስለኛል። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ብቻ አለችው። በእሷ በኩል የጭድ ተራ ተሸካሚዎች "ዞር በል! ዞር በል!" ሲሉ ይሰማል። ሱቄ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አሥራ ዘጠኝ ሰዎች ነበርን፤ የምንተኛው ካርቶን ላይ ነው። በሩ ጎን ባልዲ አለ። ሽታው መጀመሪያ ዓይን ያስለቅሳል፣ በኋላ ይለመዳል።

እኔ ሃያ ዓመት ባንኮኒ ኋላ ቆሜያለሁ። ማን እንደሚገዛ፣ ማን ዋጋ ጠይቆ እንደሚሄድ፣ የማን እጅ እንደሚረዝም ገና ከበር አውቃለሁ እያልኩ እኮራ ነበር። ሊይዘኝ የመጣውን ሰው ደንበኛ ነው ብዬ ሜትር ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ኩራቱ ግን አልለቀቀኝም።

ከመካከላችን አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ቀጭን ሰው ነበር። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ይጠጋል። አንገቱን ያዘነብላል። ዓይኑን ከተናጋሪው አፍ ላይ አያነሳም። ራሱ አያወራም። ከጎኑ ቢጠሩት ዝም ይላል፤ ጠዋት ቆጠራ ላይ ግን ከፖሊሱ ፊት ለፊት ቆሞ "አቤት" ይላል። ሲፈልግ ይሰማል ማለት ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ ለሚተኛው ጎጃሜ እህል ነጋዴ በሹክሹክታ ነገርኩት።

"ይሄ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"እኔ ሰው አይጠፋኝም።"

ምሳ ሳይደርስ ክፍሉ በሙሉ አወቀው። የሰደበው የለም፤ የነካውም የለም። ሲጠጋ ወሬ ይቆማል፣ በቃ። ካርቶኑንም ገፋ ገፋ እያደረግን ባልዲው ጎን አደረስነው። አንዴ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ። እሱንም እንደ ማስረጃ ያዝኩበት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ፖሊሱ ስንቅ የመጣላቸውን ሰዎች ስም በበሩ ሽንቁር ይጠራ ጀመር። የሰውየው ስም ተጠራ። እሱ ግራ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ከጃኬቱ እጅጌ ላይ ክር ይመዝ ነበር። ሁለተኛ ተጠራ። ሦስተኛ፣ በቁጣ። ስሙን ቆጠራ ላይ ስለምንሰማው ሁላችንም እናውቀዋለን።

"የለም እንዴ?" አለ ፖሊሱ።

ማንም አልመለሰም። እኔም አልመለስኩም። እያስመሰለ ነው፣ ማን እንደሚናገር ሊያይ ነው ብዬ አሰብኩ። ፖሊሱ ወደ ግቢው በር ጠባቂ ዞሮ ጮኸ፤ "እዚህ የለም በላት!"

በላት ነው ያለው። ሰምቻለሁ።

ከማዶ ግድግዳ ሥር የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቅመም የሚነግዱ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ሐጂ እንላቸዋለን። ተነስተው የውሃ ጣሳቸውን ይዘው ሄዱና ከሰውየው ግራ ጎን ቆሙ። ጣሳውን ሲሚንቶው ላይ ለቀቁት። ክፍሉ በሙሉ ዘለለ። እሱ ክሩን መምዘዙን አልተወም።

ሐጂ ዞረው ከፊቱ ቁጢጥ አሉ። "ልጄ፣ ጆሮህን ምን ሆነህ ነው?"

አፋቸውን ትኩር ብሎ አየ። "ሲይዙኝ በጥፊ መቱኝ። ግራው ጠፋ። ቀኙም ይጮህብኛል፤ ካልተጠጋሁ አይገባኝም።" ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኸ። የራሱን ድምፅ መመጠን አቅቶት ነበር።

"አሁን ስምህን ጠርተው ነበር" አሉት።

"መቼ?"

"አሁን። ስንቅ መጥቶልህ።"

"እናቴ ናት። ምን አሏት?"

ሐጂ ዞረው እኔን አዩኝ። "የለም አሏት" አልኩ። አልሰማኝም። ተጠግቼ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ፊቱ ላይ ያየሁትን መናገር አልችልም። ተነስቶ በሩን በሁለት መዳፉ ይመታ ጀመር። "አለሁ! እማ፣ አለሁ!" ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ እኔም አብሬው መታሁ። ፖሊሱ መጣ።

"ማነው በር የሚደበድበው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። "ሰውየው አለ። ጆሮው ስለማይሰማ ነው። እያወቅን ዝም ያልነው እኛ ነን።"

"ሴትዮዋ ሄዳለች" አለና ሽንቁሩን ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ አጠገብ ተቀመጥኩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። "ዓይንህ ደህና ነው" አሉኝ። "እኔም ያየሁት አንተ ያየኸውን ነው። ማዘንበሉን፣ አፍ አፋችንን ማየቱን።"

"ታዲያ እርስዎ በምን አወቁ?"

"የት አወቅሁ? ባላውቅ አይደል ጣሳ የጣልኩት?"

ያን ዕለት ካርቶኑን ወደ መሃል መለስኩለት፤ የእኔን ባልዲው ጎን አነጠፍኩ። እሱ እንደምንም ተኛ፤ የተኛ ከሆነ። በማግስቱ ማንም አልመጣለትም። ከዚያ በነጋታው ስሙ ሲጠራ እሱን ቀድሜ "አለ!" ብዬ ጮህኩ። በሩ ድረስ ሄዶ ከፖሊሱ ጋር ፊት ለፊት ተነጋግሮ ሳህኑን ይዞ ተመለሰ። ሳይከፍተው ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"እናቴ ሬሳ ቤት ድረስ ሄዳ ጠይቃለች" አለ። ለሐጂ በሹክሹክታ የነገራቸው መስሎታል። ሁላችንም ሰማን።

ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። "ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ያስወራሁብህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ" አልኩት። ዝም አለ። ቂም ይዟል፣ አይፈረድበትም ብዬ ልነሳ ስል በግራው በኩል መቀመጤን አየሁ። አሁንም ሳልጠይቅ ፈርጄ ነበር። ተነሳሁ፤ ሁሉም እያየኝ በፊቱ አልፌ በቀኙ ተቀመጥኩ። ይህን ጊዜ ጮክ ብዬ፣ ክፍሉ በሙሉ እንዲሰማ፣ ቃል በቃል ደገምኩት።

"ሰማሁ" አለኝ። ይቅር ብያለሁ አላለም። ሳህኑን ግን ከፍቶ በሁለታችን መካከል አስቀመጠው።

ከሳምንት በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዱት። የት እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ ያለ ክስ ተፈታሁ፤ ሱቄም ተመለስኩ። ዓይኔ ልማዱን አልተወም። ሰው ገና በበር ሲገባ አካሄዱን፣ እጁን፣ ጫማውን አይቶ ፍርዱን ይጨርሳል። እኔ ግን ዓይኔን እንደ ድሮው አላምነውም፤ ጎንበስ ብዬ እጠይቃለሁ፤ አንዳንዴም ሁለት ጊዜ።

እናቱን አይቻት አላውቅም። መልኳን ልገምት ብል አይመጣልኝም። በእነዚያ ሁለት ቀናት የት የት እንደዞረች፣ በየበሩ ማንን እንደለመነች ግን እስከ ዛሬ እየገመትኩ ነው።