ቦረቦሩ ውስጥ ለገቡት ጎረቤት

ዳንግላ፣ ጎህ ሲቀድ

ሲዘንብ አድሮ አሁን አባርቷል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጋቢ ታቅፌ ተቀምጫለሁ። ጋቢው እናቴን ከሞት ላተረፉት ጎረቤታችን፣ ለአያ ምትኩ ነው።

እንጅባራ መዳረሻ፣ ረፋድ ላይ

ከድልድዩ ሥር ወንዙ ደፍርሶ ቀይ ሆኗል። ሾፌሩ በመስኮት እየጠቆመ፣ «ይሄ ውኃ እንዳይመስልሽ፤ የሰው ማሳ ነው የሚሄደው» አለኝ።

እውነቱን ነው። አንዳንዱን ተዳፋት ጎርፉ ላዩን ብቻ ልጦታል፤ ባለቤቱ የሚነቃው ገብሱ ሲቀጭጭ ነው። ሌላው ላይ ቀጫጭን ቦዮች ወርደዋል፤ እነሱን ማረሻ ይደፍናቸዋል። ጎርፉ በጥልቁ ቆፍሮት ቦረቦር ከሆነ ግን በሬም አይሻገረው። ለእኛ የደረሰን እሱ ነው።

እንጅባራ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላሁና የጥሊሊን ሚኒባስ ያዝኩ።

ከጥሊሊ ወደ ቀያችን፣ በእግር

ቦረቦሩ ያለው በእኛና በአያ ምትኩ ማሳ መካከል ነው። አባቴ «ውኃ ማፍሰሻውን ወደ እኛ የቀደደው እሱ ነው» ይል ነበር፤ እሳቸው ደግሞ በአባቴ ያሳብቡ ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ የተጀመረው ኩርፊያ አባቴ ሞቶም አልበረደም።

ባለፈው ክረምት እናቴ ጥጃ ልትመልስ ስትሄድ ጠርዙ ተንዶ ይዟት ወረደ። ጩኸቷን የሰሙት አያ ምትኩ ነበሩ። ዘለው ገቡ። ጎርፉ እየገፋቸው፣ እስከ ወገባቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ በትከሻቸው ተሸክመው አወጧት።

እናቴ ደጅ፣ አመሻሽ ላይ

ቦረቦሩን ሳየው አላመንኩም። በየቦታው የድንጋይና የቀርከሃ ክትር ተሠርቶበታል፤ ከክትሩ ኋላ ደለል ተኝቶ ሣር በቅሎበታል። በበጋው እናቴና አያ ምትኩ ጎረቤቱን በደቦ ጠርተው ያሠሩት ነው። እሳቸው የውኃ ማፍሰሻቸውን አቅጣጫ አስቀየሩ፤ እናቴም ከጠርዙ ወዲህ ያለውን እርሻ ለሣር ለቀቀች።

አያ ምትኩን እናቴ ደጅ ቆመው አገኘኋቸው። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጌ፣ «እናቴን ስላተረፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ» አልኩ። እንባዬ ቀደመኝ።

«ተይ ልጄ» አሉ ጉንጬን በመዳፋቸው እየጠረጉ። «እኔስ ብሆን? ያን ቀን ዝም ብዬ ባልፍ ኖሮ እንዴት እኖር ነበር?»

ዝናቡ ድንገት ወረደ። እናቴም እሳቸውም ወደ ቦረቦሩ አዩ። ጎርፉ እየደነፋ መጣ፣ ክትሩ ጋ ሲደርስ ተኛ፣ ቀስ ብሎም አለፈ።

«ያዘ!» አሉ አያ ምትኩ።

«እሰይ፣ ተመስገን!» አለች እናቴ። ከዚያ በአገውኛ፣ ራት ሳይበሉ እንዳይሄዱ ተቆጣቻቸው።

እሳቸውም ጎንበስ አሉና ገቡ። እኛ ቤት ሲገቡ ሳያቸው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።