የጋምቤላው ባለ ጃኬት

ጋምቤላ ላይ ጃኬት የሚለብስ ሰው ወይ ወባ ይዞታል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። ረታ ሁለቱም ደርሶበታል፤ ወባው የመጣው ግን ኋላ ነው።

ረታ ከዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች ጥቂት ጥቂት እየገዛ የሚያመጣ ደገኛ ነው። መንገዱ አያስተማምንምና ሁለት ክላሽ ነበረው። ሚስቱ የትናየት ግን ወንድሟን በጥይት ካጣች ወዲህ መሣሪያ ስታይ ትንቀጠቀጣለች። "ወይ እኔን ወይ ብረቱን ምረጥ" አለችው። ረታም ሁለቱንም ክላሾች ከቤት አወጣ። ያስረከባቸው ግን ለመሣሪያ ደላላ ነበር፤ በምትካቸው የተቀበለው አንዲት ሽጉጥ።

"ጥይቷ መንገድ እንኳ የማይሻገር ይቺ ትንሽ ነገር ከሁለት ክላሽ ትበልጣለች?" ብሎ ተከራክሮ ነበር።

ደላላው ሳቀበት። "ክላሽ ከድንበር ማዶ እንደ ልብ ይገባል። ደግሞ እሱን ይዘህ አውቶቡስ ትሳፈራለህ? ሆቴል ትገባለህ? ሽጉጥ ግን አብራህ ትሄዳለች፣ አብራህ ትበላለች፣ ማንም አያያትም። የምትከፍለው ለመደበቋ ነው።"

እውነቱን ነው። ያልነገረው ነገር ቢኖር መደበቅ ልብስ እንደሚፈልግ ነው። በሰፈሩ በኒውላንድ ሰው ሁሉ በካናቴራ ሲውል ረታ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ላቡን ይጠርጋል። የሰፈሩ ልጆች "ጋሽ ብርዱ" አሉት። ባሮ ወርዶ መታጠብ ቀረ። ልጁ ሊና ልትጠመጠምበት ስትሮጥ በእጁ ይመልሳታል፤ ከዚያ ራሱን ይረግማል። ሽጉጧን ሊሸጣት ሲያስብ ገዢው እንዳያወራበት ይፈራል፤ ሊጥላት ሲያስብ ሁለት ክላሽ የከፈለባት ናት፣ አንጀቱ እንቢ ይለዋል። የትናየት ደግሞ ከመሣሪያ ተገላገልን ብላ ለገብርኤል ስለቷን አስገብታለች። ምን ብሎ ይንገራት?

አንድ ማለዳ ወባው ጣለው። የትናየት ሊናን አስከትላ፣ እሱን ደግፋ ጤና ጣቢያ አደረሰችው።

"ጋሼ፣ ጃኬቱን ያውልቁ እንጂ! ትኩሳቱ ይገድልዎታል" አለችው ነርሷ ጥሩነሽ።

"ይበርደኛል።"

ከጎኑ ባለው አልጋ የታመመ ጓደኛውን የሚያስታምም ፖሊስ በሥራ ልብሱ ተቀምጧል። ረታ ጃኬቱን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘ። የለቀቀው ራሱን ሲስት ነው።

ሲነቃ በሸሚዝ ብቻ ነበር፤ ክንዱ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ደረቱን ዳሰሰ። ጃኬቱ የለም። ነፍሱ ከሥጋው ልትለይ ምንም አልቀራት። ፖሊሱ አሁንም እዚያው ቁጭ ብሎ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ ወደ እግርጌው ሲመለከት የትናየትን አያት። ጃኬቱን ለብሳ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋ ተቀምጣለች። ላቧ ከግንባሯ ይወርዳል።

"እህቴ፣ አንቺንም ያዘሽ እንዴ?" አለቻት ጥሩነሽ።

"አዎ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል" አለች የትናየት። ረታን ቀና ብላ አላየችውም። ሊና ልትታቀፍ ስትጠጋት በእጇ መለሰቻት።